ሲስማችሁ በማን እጅ ነው?
ስለ ምስጢር ቃልና ስለ ፈቃድ በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ወደዚህ አገር የገባ ሰው ከ«ሻሎም» ቀጥሎ ቶሎ ከሚሰማቸው ቃላት አንዷ ናት፤ «ሲስማ» ትባላለች። በእኛ ቋንቋ የምስጢር ቃል ማለት ነው። ባንክ ስትሄዱ ሲስማ ይሏችኋል። ከኩፓት ሆሊም በስልክ ቀጠሮ ለመያዝ ሲስማ ይጠየቃል። የልጃችሁ ትምህርት ቤት የላከውን መልእክት ለማንበብም እንዲሁ። ቀድሞ በመስኮት በኩል ከጸሐፊ ጋር ፊት ለፊት ያልቅ የነበረው ጉዳይ ዛሬ አብዛኛው በኮምፒውተር ያልፋል።

አዲስ ከገቡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ይህችን ቃል ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። አንዱ ለልጁ፣ አንዷ ለጎረቤቷ፣ ሌላው ጉዳይ ለሚያስፈጽምለት ሰው። ዕብራይስጡ ገና ስላልገባቸውና ጉዳዩ ስለሚያስቸኩላቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ቃሏን ሲሰጡ ምን እንደሰጡ ያወቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በመጀመሪያ ኮምፒውተር ሰውን እንዴት እንደሚለይ፣ ቀጥሎ ለማን ምን እንደሚፈቅድ፣ በመጨረሻም አንድ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚገባው በዝርዝር እንነግራችኋለን።

ሰርቨር የሚባለው ባንድ ቦታ ተቀምጦ በመስመር አማካይነት ለብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር ነው። በእጃችሁ ያለው ስልክ የባንኩን መዝገብ አልያዘም። መዝገቡ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ስልኩ ደጁን የሚያንኳኳ መልእክተኛ ነው። ሰርቨሩም ለሚያንኳኳ ሁሉ ሁለት ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው «ማን ነህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ምን ተፈቅዶልሃል?» የሚል ነው።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። በአገራችን ሠርግ ሲደገስ የተጠራ እንግዳ ሁሉ ዳስ ይገባል፤ በልቶ ጠጥቶ ይጫወታል። ነገር ግን እንግዳ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ጓዳ የሚገባ የለም። ጓዳ የሚገቡት ወጥ የሚሠሩትና ጠላ የሚቀዱት ናቸው። ዳስ መግባት ሌላ፣ ጓዳ መግባት ሌላ። በኩፓት ሆሊም ሰርቨርም ነገሩ እንዲሁ ነው። በደንብ በተደራጀ ቦታ ቀጠሮ የምትይዘው ጸሐፊ የቀጠሮውን ሰሌዳ ታያለች። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዛል። እናንተ የራሳችሁን የምርመራ ውጤት ታያላችሁ፤ የጎረቤታችሁን ግን አታዩም። ሁሉም ወደ አንድ ሰርቨር ይገባሉ፤ የሚከፈትላቸው ክፍል ግን ለየብቻ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በመንደራችን ማታ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይባላል። «እኔ ነኝ» የሚል መልስ ይበቃ ነበር፤ ድምፁ ይታወቃልና። ሰርቨር ግን በርቀት ያለ ነው፤ አብሮን አላደገም። ስለዚህ ከሦስት ዓይነት ማስረጃ አንዱን ወይም ሁለቱን ይጠይቃል። አንደኛው እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር ነው፤ ሲስማ ይህ ነው። ሁለተኛው በእጃችሁ ያለ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ስልካችሁ ወይም የባንክ ካርዳችሁ። ሦስተኛው ከአካላችሁ የማይለይ ነገር ነው፤ የጣት አሻራና የፊት መልክ ከዚህ ይመደባሉ። ባንኩ ሲስማችሁን ከተቀበለ በኋላ በስልካችሁ መልእክት ልኮ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ሁለት ማስረጃ ስለሚፈልግ ነው። ሲስማውን የሰረቀ ሰው ስልካችሁን ካልያዘ ከደጅ ይቀራል።

የመንግሥትም የጋራ መለያ አለ። በአገራችን ሰው የማይታወቅበት ቦታ ሲሄድ ዋስ ይጠራ እንደነበረው ሁሉ፣ ይህ መለያ አንድ ጊዜ ማንነታችሁን ካረጋገጠ በኋላ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ዋስ ይሆናችኋል። መልካም ነገር ነው። ሆኖም አንድ ቁልፍ ብዙ በር በከፈተ ቁጥር ያ ቁልፍ የበለጠ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቴኡዳት ዜሁት ቁጥራችሁ ምስጢር አይደለም። ባለ 9 አኃዙ ቁጥር ስም እንጂ ቁልፍ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሐኪም ቤቱ፣ በየቅጹ ተጽፏል። ስለዚህ ቁጥራችሁን የሚያውቅ ሁሉ እናንተን አይደለም፤ ቁጥራችሁን የሚያውቅ ሁሉ የባንክ ሠራተኛም አይደለም። ወደዚህ ነገር ቆይተን እንመለስበታለን።

የምስጢር ቃል በኮምፒውተር ላይ ሥራ የጀመረው እንዴት ነው? ከምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ ጋር የፈረንጆቹን አቆጣጠር እንደምንከተል ይታወቅልን። በ1961 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ብዙ ሰዎች ባንድ ኮምፒውተር ተካፍለው የሚሠሩበትን ዘዴ አሳዩ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዳይነካ ለያንዳንዱ ሰው የምስጢር ቃል ተሰጠ። በ1962 ግን አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው ስላለ፣ የሁሉም ሰው የምስጢር ቃል የተጻፈበትን መዝገብ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያትምለት አዘዘው፤ ታተመለትም። በ1966 ደግሞ በሥራ ላይ በደረሰ ስሕተት ሁለት ጽሑፎች ቦታ ተለዋወጡ፤ ወደ ኮምፒውተሩ የገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የሁሉንም ሰው የምስጢር ቃል ዝርዝር አየ።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ሰርቨሩ ራሱ የምስጢር ቃላችሁን ባያውቀው ይሻላል የሚል ነው። እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ጤፍ አንዴ ከተፈጨ ወደ ፍሬው አይመለስም። ሰርቨሩም የሰጣችሁትን ቃል በሒሳብ ይፈጨውና ዱቄቱን ብቻ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ የጻፋችሁትን እንደገና ፈጭቶ ዱቄቱን ከዱቄቱ ጋር ያስተያያል። አንድ ከሆነ ይከፍትላችኋል። መዝገቡን ሌባ ቢሰርቀው እንኳ የሚያገኘው ዱቄት ነው። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደግሞ ከመፍጨቱ በፊት ለየሰዉ የተለየ ነገር ቆንጠር አድርጎ መጨመርን አስተማሩ፤ ይህንም «ጨው» ብለው ሰየሙት። በጨው ምክንያት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡም ዱቄታቸው አይመሳሰልም።

ይህን ሁሉ የነገርናችሁ ለአንድ ቁም ነገር ነው። በደንብ የሚሠራ ባንክ ሲስማችሁን አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አያስፈልገውም። ስትረሱት «ያንተ ሲስማ ይኸ ነበር» ብሎ የማይነግራችሁ፣ አዲስ እንድታወጡ ብቻ የሚያደርጋችሁ ለዚህ ነው። እንግዲያው በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነው፤ ሲስማህን ንገረኝ» የሚል ሰው ከባንክ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ፈቃዱ እንለፍ። በዚህ አገር የተፈጸመ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በ2006 አካባቢ የእስራኤል የሕዝብ መዝገብ ቅጂ ተሰረቀ፤ በኋላም በኢንተርኔት ተሠራጨ። ከ9 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎች፣ በሕይወት ያሉትም የሞቱትም፣ ስማቸው፣ የመታወቂያ ቁጥራቸው፣ አድራሻቸውና የቤተሰባቸው ዝምድና በውስጡ ነበረ። በጥቅምት 2011 የፍትሕ ሚኒስቴር ተጠርጣሪዎች መያዛቸውን ሲያስታውቅ፣ ቅጂውን አወጣ የተባለው በሌሊት በር የሰበረ ሌባ አልነበረም። በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በኮንትራት ይሠራ የነበረ፣ ለሥራው ወደ መዝገቡ እንዲገባ የተፈቀደለት ሰው ነበር።

«ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ገብቷል። የጎደለው ሁለተኛው ነው፤ መዝገቡን በሙሉ ቀድቶ ይዞ መውጣት መቻል አልነበረበትም። ከዚህ የተነሣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አጥብቀው የሚይዙት ደንብ አለ፤ ለማንኛውም ሰው ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ፍቀድለት፣ ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱን አንሣ፣ ማን መቼ ምን እንደሠራም መዝግብ። በ2020 ደግሞ ለምርጫ ቅስቀሳ በተሠራ አንድ ፕሮግራም ምክንያት ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መራጮች ዝርዝር ለማንም ክፍት ሆኖ ተገኘ፤ የአስተዳዳሪዎቹ ስምና የምስጢር ቃል የገጹን የውስጥ ጽሑፍ ለሚመለከት ሰው ሁሉ የሚደረስበት ነበርና።

ከ2006 በኋላ የገባችሁ በመጀመሪያው መዝገብ ውስጥ አልነበራችሁም። ቀድመዋችሁ የመጡት ዘመዶቻችሁ ግን ነበሩበት። ስለዚህ ደዋዩ ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥራችሁንና የቤታችሁን አድራሻ አንድ በአንድ ቢዘረዝርላችሁ «ይህን ሁሉ ካወቀ የመንግሥት ሰው መሆን አለበት» ብላችሁ አትመኑ። ቀደም ሲል ቁጥር ስም እንጂ ቁልፍ አይደለም ያልናችሁ ስለዚህ ነው። ስልኩን ዝጉትና በካርዳችሁ ጀርባ በተጻፈው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ወደ ቤታችን እንግባ። በብዙ ቤት ቶሎ ዕብራይስጥ የሚለምዱት ልጆች ናቸው። የ13 ዓመት ልጅ የእናቷን ሲስማ ይዛ ቀጠሮ ትይዛለች፣ የባንኩን ሂሳብ ታነባለች፣ ደብዳቤውን ትመልሳለች። ጎበዝ ናት፤ ትመስገን። ግን ደግሞ የእናቷን የምርመራ ውጤት ከእናቷ ቀድማ የምታነበው እሷ ናት። የቤቱን ዕዳ የምታውቀውም እሷ ናት። በክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ የምታስበው ይህን ነው። ለዚያች ልጅ የተሰጣት ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ሸክምም ተጭኖባታል።

ሲስማው በጎረቤት ወይም ጉዳይ በሚያስፈጽም ሰው እጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰርቨሩ የሚያየው ቃሉን ነው፤ የሚጽፈውን ሰው ፊት አያይም። በእናንተ ሲስማ የገባ ሰው ብድር ቢጠይቅ፣ አድራሻ ቢቀይር፣ ቀጠሮ ቢሰርዝ፣ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የእናንተ ስም ነው። «እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ብትከራከሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታዲያ ሲስማውን ለምን ሰጠህ?» የሚል ይሆናል።

በአገራችን «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ይባላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ለአዲስ ገቢ ሰው ረዳት ያስፈልገዋል፤ ረዳትም ሊታመን ይገባል። የምንለው ግን ረዳቱ በራሱ ስም ይግባ፣ እናንተን መስሎ አይግባ ነው። ለዚህም መንገድ አለ። በባንክ «ሙርሼ» ይሉታል፤ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ማለት ነው። ከባለቤታችሁ ወይም ካደገ ልጃችሁ ጋር ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሂሳቡን ማየት ብቻ ይፈቀድለት ወይስ ገንዘብ ማውጣትም ጭምር? ይህን ለይታችሁ ተናገሩ። በኩፓት ሆሊምም ቤተሰብን የሚረዳ ሰው እንዴት እንደሚፈቀድለት ጠይቁ። ውክልና፣ በዕብራይስጥ «ይፑይ ኮአሕ» የምትፈርሙ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ በአማርኛ አስነብቡት። ለየትኛው ጉዳይ ነው? እስከ መቼ ነው? ለአንድ ጉዳይ የሚበቃው ሰው ለሁሉም ጉዳይ ውክልና ሊይዝ አይገባም። የሰጣችሁትን ፈቃድ ደግሞ መሰረዝ ትችላላችሁ። ሲስማችሁን የሰጣችሁት ሰው ግን ባንድ ሌሊት ሌላ ሲስማ አውጥቶ እናንተኑ ከደጅ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የምትችሉትን በተራ እንዘርዝር።

አንደኛ፣ በባንክና በኩፓት ሆሊም የተመዘገበው የስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ አረጋግጡ። በመጣችሁበት ሰሞን የራሳችሁ ስልክ ስላልነበራችሁ የወንድም ወይም የአስተርጓሚ ቁጥር ተሰጥቶ ይሆናል። የመግቢያው ቁጥር የሚላከው ወደዚያ ስልክ ነውና ዋናው ቁልፍ ያዥ እሱ ነው ማለት ነው። ሲም ካርድ በለወጣችሁም ጊዜ አዲሱን ቁጥር በየቦታው አስመዝግቡ፤ የተዋችሁት ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በመልእክት የሚደርሳችሁን የመግቢያ ቁጥር ደውሎ ለሚጠይቃችሁ ለማንም አትንገሩ። ሳትጠይቁ ቁጥር ከደረሳችሁ፣ በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው በእናንተ ስም ደጁን እያንኳኳ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ከነገራችሁት በሩን የከፈታችሁለት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ሲስማችሁ የልደት ቀን፣ የልጅ ስም ወይም የስልክ ቁጥር አይሁን። ረዘም ያለ ይሁን። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሦስት አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አገጣጥማችሁ ብትጽፉ ለናንተ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለሌላ ሰው ግን ያስቸግራል። ለባንክ ያደረጋችሁትን ለሌላ ቦታ አትድገሙት። አንዱ ቦታ ሲሰረቅ ሌባው በሁሉም በር ይሞክረዋልና። በየጊዜው ለውጡ የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ቀደም ሲል ያወጣው መመሪያ ያንን ልማድ አስፋፍቶት ነበር። ሰዎች ግን መለወጥ ሲሰለቻቸው መጨረሻው ላይ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ብቻ ስለሚጨምሩ፣ በ2017 ተቋሙ ራሱ ምክሩን አሻሻለ። ሌላ ሰው አውቆታል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ግን ወዲያውኑ ለውጡት።

አራተኛ፣ ማስታወስ ለሚያስቸግረው ሰው በደብተር ጽፎ ቤት ውስጥ ከሰነዶች ጋር ማስቀመጥ ነውር አይደለም። ለሁሉም ቦታ አንድ ቃል ከመጠቀም ይሻላል። የባንክ ካርድን የምስጢር ቁጥር ግን ከካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ አታድርጉ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች በስልካቸው ላይ በጣት አሻራ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁላቸው። የእናንተ ጣት ብቻ መመዝገቡንም አረጋግጡ።

አምስተኛ፣ በኡልፓን፣ በመርካዝ ክሊታ ወይም በቤተ መጻሕፍት ባለ የጋራ ኮምፒውተር ከሠራችሁ «የጺኣ» የሚለውን ተጭናችሁ ሳትወጡ አትነሡ። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ በሩ ገርበብ ብሎ ሊቀር ይችላልና።

ስድስተኛ፣ ሰው ሲረዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ሲስማውን በራሳችሁ ጣት ጻፉ። እሱ ያስረዳችሁ፣ እናንተ ተጫኑ። ጊዜ ይፈጃል፤ በሁለተኛው ወር ግን ብቻችሁን ትሠሩታላችሁ።

ሰባተኛ፣ እስካሁን ሲስማችሁን ለሰው ሰጥታችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ ዛሬውኑ ለውጡት። የሰጣችሁት ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ረድተኸኛል፣ አመሰግንሃለሁ፤ ከእንግዲህ በፈቃድ እናድርገው» ማለት አያስቀይምም። ገንዘብ ጠፍቶ ወይም የማታውቁት ነገር ተሠርቶ ከሆነ በመጀመሪያ ለባንኩ ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ፤ ቀጥሎም ለፖሊስ አመልክቱ። በኮምፒውተርና በስልክ ለሚደርስ ማጭበርበር የአገሪቱ የሳይበር መሥሪያ ቤት በ119 ቁጥር ቀንና ሌሊት ይቀበላል። «ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ» እንደሚባለው የደረሰባችሁን ለጎረቤታችሁም ንገሩ፤ ዝም ብትሉ ያው ሰው ነገ ወደ እነሱ ይደውላል።

በመጨረሻ ለእናንተ ለወጣቶቹ አንድ ቃል አለን። እናታችሁ ስልኩን ስታቀብላችሁ ተቀብላችሁ ባንድ ደቂቃ መጨረሱ ይቀላችኋል። ይሁን እንጂ ስልኩን በእጇ ይዛ እንድትቆይ አድርጉ። «እዚህ ጋ ተጫኚ፣ አሁን እዚህ ጋ» እያላችሁ አሳዩአት። ሲስማዋን ስትጽፍ ፊታችሁን መልሱ። በአገሯ ጎተራዋንና ጓዳዋን ራሷ ስታዝ የኖረች ሴት ናት፤ እዚህም በገዛ ስሟ ገብታ የራሷን ጉዳይ ራሷ ማየት ይገባታል።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነበር። እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ደኅና ሁኑ፤ በጤና ያገናኘን።